ስለ ሲቢዲ ዘይትና ስለሚጥል በሽታ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «የዓመቱን ሂሳብ ከማቅረብሽ በፊት የዘይቱን ነገር አስረጂን» ብለውኛል። ሂሳቡ ከምሳ በኋላ ይቀርባል። ዘይት ስል የምግብ ዘይት ማለቴ አይደለም፤ የእሱን ዋጋ ካነሳን እስከ ማታ አንጨርስም። የምናገረው ሲቢዲ ስለሚባለው፣ በትንሽ ጠርሙስ ስለሚሸጠው ነው።

ባለፉት ወራት ለማኅበራዊ ፈንዳችን ሦስት የብድር ማመልከቻዎች ደርሰውናል። ሦስቱም ይህን ዘይት ለመግዛት ናቸው። ሁለቱ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች፣ አንዱ ጓያ እግሩን ለያዘው ወንድም። አንዷ እናት የጠየቀችው 9,000 ብር ነው፤ ለአንዲት ጠርሙስ። የብድር ኮሚቴው እሺም እምቢም ለማለት ተቸገረ። እምቢ ቢል የልጅ ነፍስ ነው፤ እሺ ቢል የሁላችሁ ቁጠባ ነው። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ሐኪም አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ በሂሳብ አያያዝ ነው። ሆኖም ሂሳብ ሠራተኛ ወረቀት ታነባለች፣ ቁጥርን ከቁጥር ታስተያያለች፣ ደረሰኝ የሌለውን ነገር ትጠይቃለች። እንደዚያው አድርጌ ያገኘሁትን ነው የማቀርብላችሁ። መድኃኒትን የሚመለከተውን ክፍል በጤና ሙያ ላይ ያለች አባላችን አስቀድማ አይታዋለች።

ሲቢዲ የካናቢዲዮል አጭር ስም ነው። የሚወጣውም ካናቢስ ከሚባለው ተክል ነው፤ ሰዉ ሐሺሽ፣ ጋንጃ የሚለው። አዎ፣ እሱው ነው፤ ስታጉረመርሙ ይሰማኛል። ጋዜጣ ላይ አንዳንድ ጊዜ «ዕፀ ፋርስ» ተብሎም ይጻፋል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂዎች ዘንድ አጤ ፋሪስ የሚባለው በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር ነው። እሱ ሌላ ተክል ነው፤ መርዝ ነው፤ ካናቢዲዮልም የለበትም። «ያው ዕፀ ፋርስ ነው አሉ» ብላ አንዲት እናት ከአጥር ሥር ቀጥፋ ለልጇ እንዳታጠጣ ነው ይህን የምለው።

ካናቢስ ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። ሰውን የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ነው። ካናቢዲዮል ግን አያሰክርም። ስንዴ ውስጥ እንክርዳድ ሲገባ እንጀራው ራስ እንደሚያዞር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ካናቢዲዮልን ለመድኃኒት የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸው እንክርዳዱን ለቅሞ ስንዴውን ማስቀረት ነው በሉት። ለቀማው በደንብ ካልተሠራ ደግሞ ምን እንደሚሆን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ አዲስ የመጣ ፋሽን አይደለም። ካናቢዲዮል ከተክሉ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ብራዚል ውስጥ መድኃኒት አልሠራ ላላቸው 8 የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ተሰጥቶ ለብዙዎቹ መሻሻል ታይቶ ነበር። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ሳያነሳው ቆየ። ዓለም እንደገና ያወራለት በአንዲት አሜሪካዊት ሕፃን ምክንያት ነው። ሻርሎት ፊጂ ትባላለች፤ ድራቬት ሲንድረም የሚባል ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ በሳምንት 300 ጊዜ ያህል ይጥላት ነበር። ወላጆቿ ካናቢዲዮል የበዛበት ቲኤችሲ ያነሰበት ዘይት ሲሰጧት መውደቋ በጣም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 በቴሌቪዥን ስትታይ የየአገሩ እናት ሁሉ «ለእኔም ልጅ» አለች። ልጅቷ እ.ኤ.አ. በ2020 በ13 ዓመቷ አርፋለች። ሰባት ዓመት የተሻለ ዕድሜ አገኘች የሚሏት አሉ፤ እናት ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ እኔ የምወደው ክፍል ነው፣ ታገሡኝ። አንድ እናት ልጄ ተሻላት ማለቷ ምስክርነት ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ብዙ ልጆች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ዘይት ወስደው፣ ማን ምን እንደወሰደ ቤተሰቡም ሐኪሙም ሳያውቅ ሲቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲህ ያለ ጥናት ታተመ። ድራቬት ሲንድረም ያለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች ገቡበት። ካናቢዲዮል የወሰዱት በፊት በወር 12.4 ጊዜ ይጥላቸው የነበረው ወደ 5.9 ወረደ፤ ይህ የመካከለኛው ታማሚ ቁጥር ነው። ባዶውን ዘይት የወሰዱት ከ14.9 ወደ 14.1። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ «ሲቢዲ ውሸት ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል።

ግን ገጹን ገልብጡት። መውደቅ ጨርሶ የቆመላቸው ከ100 ልጆች 5ቱ ናቸው። ይበልጥ የቆምኩበት ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው፤ ባዶውን ዘይት ከወሰዱት ውስጥ እንኳ ከ100 ልጆች የ27ቱ መውደቅ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል። ምንም መድኃኒት የለበትም እኮ! የሚጥል በሽታ አንድ ወር ይበረታል፣ አንድ ወር ይለዝባል፤ ይህ የበሽታው ጠባይ ነው። በከፋ ወር ላይ ማንኛውንም ነገር ብትሰጡ በሚቀጥለው ወር «ሠራ» የምትሉበት ዕድል አለ። ዘይት ሻጩ «ሃያ ሰባት እናቶች መስክረውልኛል» ቢላችሁ ላይዋሽ ይችላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ግን ምንም ላይኖር ይችላል።

ከዚህ ጥናትና ከመሰሎቹ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፒዲዮሌክስ የሚባለውን ንጹሕ ካናቢዲዮል መድኃኒት ፈቀደ፤ በሚቀጥለው ዓመት አውሮፓም ፈቀደች። የተፈቀደው ግን ለሚጥል በሽታ ሁሉ አይደለም። መጀመሪያ ለድራቬትና ለሌኖክስ ጋስቶ ሲንድረም፣ በ2020 ደግሞ ቱበረስ ስክለሮሲስ ለሚባል በሽታ ብቻ። ድራቬት ልጅ ዓመት ሳይሞላው፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ሲይዘው የሚጀምር ነው። ሦስቱም እምብዛም የማይገኙ፣ በተለመደው ኪኒን አልገታ የሚሉ በሽታዎች ናቸው፤ የነርቭ ሐኪም አይቶ፣ የአንጎል ሞገድ ተነስቶ የሚለዩ። በጥናቱም ውስጥ ልጆቹ ካናቢዲዮሉን የወሰዱት የቀድሞ ኪኒናቸው ላይ ተጨምሮ ነው፤ ኪኒኑን ጥለው አይደለም። ይህን አስምሩበት። ማመልከቻ ያስገባችውን እናት ሻጩ «ዘይቱን ስትጀምሪ ኪኒኑን አቁሚው፣ አንድ ላይ አይሆንም» ብሏታል። የሚጥል በሽታ ኪኒን በድንገት ሲቆም መውደቁ ሳይቋረጥ ተከታትሎ ሊመጣና ሊገድል ይችላል። ከተናገረው ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ከ9,000 ብሩም የከፋ።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁና ወደ ስሌቱ ልሂድ። ያ ውድ የአሜሪካ መድኃኒት የሚሟሟው በምን ይመስላችኋል? በሰሊጥ ዘይት ነው። የእንጆሪ ጣዕም ጨምረውበታል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የኤፒዲዮሌክስ አወሳሰድ በልጁ ክብደት ይሰላል። ሲጀመር በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም፣ ከሳምንት በኋላ 10 ሚሊግራም፤ ካስፈለገ ሐኪም እስከ 20 ያደርሰዋል። የአባላችን ልጅ 20 ኪሎ ትመዝናለች። 20 ሲባዛ በ10፣ በቀን 200 ሚሊግራም ማለት ነው። እናትየዋ ያመጣችው የጠርሙሱ ፎቶ ላይ በጠቅላላው 500 ሚሊግራም ይላል። 500 ለ200 ሲካፈል ሁለት ቀን ተኩል። ዘጠኝ ሺሕ ብር ለሁለት ቀን ተኩል! ለአንድ ወር 12 ጠርሙስ፣ 108,000 ብር። ሻጩ ያዘዘላት ግን «ጠዋትና ማታ ሦስት ጠብታ» ነው፤ በዚያ ከሄደች ጠርሙሱ ይበረክታል፣ ልጅቷ የምታገኘው ግን ከተጠናው መጠን አጠገብም አይደርስም። እውነተኛው መድኃኒትስ? ገበያ ላይ ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ነበር። በዛሬ ምንዛሪ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ነው። የማኅበራችን የሁላችንም ቁጠባ ተደምሮ አንድ ልጅ አያስታምምም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው እውነት ነው ብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሌላ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ከሚሸጡ የካናቢዲዮል ውጤቶች 84ቱ ተገዝተው ተመረመሩ። በውስጡ ያለው መጠን ከጽሑፉ ጋር የተስማማው 26ቱ ብቻ ነበር። በ18ቱ ውስጥ ያ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኝቷል። ቁጥጥር በበረታበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በሰው በሰው ተላልፎ እኛ ዘንድ የሚደርሰውን አስቡት። እኔ በሥራዬ ሦስት ሰነድ ቢቀርብልኝና አንዱ ብቻ ትክክል ቢሆን ለአንዱም አልከፍልም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው። አንዲት ደጋፊያችን «በሻንጣ ልላክላችሁ» ብለው በቅንነት ጠይቀውናል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግን አይላኩ። በእኛ አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል፤ ካናቢስ ከነዚሁ ዕፆች አንዱ ነው። በምግብና መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ደግሞ መድኃኒት ገበያ ላይ ለመዋል አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ቪየና ላይ ካናቢስን ከጥብቁ ዝርዝር አውጥቶ ለሕክምና ጥቅሙ ዕውቅና ሰጥቷል፤ በ27 ድምፅ ለ25፣ አንድ ሳይመርጥ። ይህ ግን አገሮች በየራሳቸው ሕግ እንዲወስኑ መንገድ ከፈተ እንጂ የእኛን የወንጀል ሕግ አልሻረም። ቦሌ ላይ ሻንጣው የተከፈተበት ሰው ስለ ቪየና ቢያስረዳ የሚሰማው አይኖርም። ተላላኪው ታስሮ፣ ዘይቱ ተወስዶ፣ ልጅቷ እንደወደቀች ትቀራለች። ለአንድ ልጅ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ መንገዱ ሐኪም ጽፎ፣ የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቅዶ በወረቀት የሚሄድ ነው።

አሁን ከዘይቱ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ነገር መጣሁ። እናትየዋን የሕክምና ካርዷን ይዛ እንድትመጣ ጠየቅኋት። ስሟን ላልጠራ ተስማምተን ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ፌኖባርቢታል የምትባለውን ኪኒን ትወስዳለች ተብሎ ተጽፏል። «ኪኒኑ አልሠራላትም» ነው የምትለው እናቷ። ካርዱን እንደ ሂሳብ መዝገብ ገልጬ ኪኒን የተሰጠበትን ቀንና የተሰጠውን ብዛት በአንድ ዓምድ፣ እናትየዋ ልጇ የወደቀችበትን ጊዜ የምታስታውሰውን በሌላ ዓምድ ጻፍኩ። ልጇ የወደቀችበትን ቀን በበዓል ታስታውሰዋለች፤ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የሁዳዴ መያዣ፣ ለፍልሰታ ማግስት። ሁለቱን ዓምድ አስተያየሁት። ካለፉት 12 ወራት ኪኒን በእጇ የነበረው 7 ወር ብቻ ነው። በነዚያ 7 ወራት የወደቀችው ሁለት ጊዜ ነው። በቀሩት 5 ወራት አስራ ዘጠኝ ጊዜ።

ኪኒኑ ሠርቷል። ያልሠራው አቅርቦቱ ነው። አንድ ጊዜ ከሄደችበት ተቋም «አልቋል» ተብላ ተመልሳለች፤ ሁለት ጊዜ መንገድ ተዘግቶ መሄድ አልቻለችም፤ አንድ ጊዜ የመጓጓዣ አጥታለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ልጅቷ ሦስት ወር ስላልወደቀች «ድናለች» ብላ ራሷ ተወችው። በአምስቱም ወራት ውስጥ ካናቢዲዮል የሚፈታው ችግር አንድም የለም።

ፌኖባርቢታል ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ያገለገለ አሮጌ መድኃኒት ነው። ስም የለውም፣ ቴሌቪዥን ላይ አልቀረበም። በቀን አንዴ፣ ማታ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ከጾምም ጋር አይጣላም። ያንቀላፋል፣ አንዳንድ ልጅን ያቅበጠብጣል፤ ለሁሉም ይስማማል አልልም፣ ለማይስማማው ካርባማዜፒንና ሌሎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 እስከ 70ው ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፤ የአንድ ሰው የዓመት የመድኃኒት ወጪም እስከ 5 ዶላር ሊወርድ ይችላል። አምስት ዶላርንና 32,500 ዶላርን ጎን ለጎን ጻፉት። ካናቢዲዮል የሚያስፈልገው ከቀሩት ሠላሳዎቹ ውስጥ ለጥቂቶቹ ነው። ሁለት ተስማሚ መድኃኒት በትክክለኛ መጠን፣ ሳይቋረጥ ተሞክሮ ሳይሠራ ሲቀር ነው ሐኪሞች «መድኃኒት የማይበግረው» የሚሉት። ሳይቋረጥ የሚለው ቃል ላይ ነው የእኛ ልጆች የሚወድቁት።

እኛ ዘንድ ስንት ናቸው? የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ለገጠር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን አጥንተው 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው አግኝተዋል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከ1,000 ሰው 5 ያህል ማለት ነው። በዚህ ልክ ብናሰላ 10,000 ሰው ባለበት 50 ሰው አለ። ከደምበጫ ተነስታችሁ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ቡሬ ያለውን ሕዝብ አስቡት። የት ናቸው? ጓዳ ውስጥ ናቸው። ትምህርት ቤት ያልሄዱ፣ ለትዳር ያልተጠየቁ፣ ማኅበር ያልጠሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ የምንደብቃቸው ግን እኛው ነን።

የነርቭ ሐኪም በአገራችን እስከ ቅርብ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ሕክምና በአብዛኛው በጤና ጣቢያ ነርስና በጤና መኮንን ትከሻ ላይ ነው ያለው። ይህ ክፉ አይደለም፤ ለአብዛኛው ታማሚ ይበቃል፣ ኪኒኑ ካለ።

ለእኛ ለሴቶች ለብቻ የሚነገር አለ፤ ወንድ ጋባዦቻችን ይቅርታ ያድርጉልን። ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የእርግዝና መከላከያ ኪኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያደክሙታል። «መከላከያ ላይ እያለሁ አረገዝኩ» ያለች ሴት ዋሽታ ላይሆን ይችላል። የሦስት ወሩን መርፌና ሉፑን ግን አይነኩም። ስለዚህ የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ስትገቡ «የሚጥል በሽታ ኪኒን እወስዳለሁ» በሉ፤ ካልተናገራችሁ ባለሙያዋ በምን ታውቃለች? ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባለው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ የልጁን የአእምሮ ዕድገትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች እንዳይታዘዝ ይመክራል። ይህን የምትወስድ ካለች በራሷ አታቁም፤ ሳታረግዝ ሐኪሟን ትጠይቅ። ሲቢዲውም ቢሆን ከቫልፕሮኤት ጋር ሲገናኝ ጉበት ላይ ጫና ያመጣል፤ እንቅልፍ፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስም አለው። «ከተክል የመጣ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉትን አትስሙ፤ አስተናግርም ተክል ነው።

ስለ ጸበል የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፤ ማንንም ከጸበል ላስቀር አልመጣሁም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብራችሁ ውሰዱ ብለው ምእመናኑን እንደመከሩ ታስታውሳላችሁ። ይህም እንደዚያው ነው። ወደ ጸበል ስትሄዱ የሁለት ሳምንቱን ኪኒን ቋጥራችሁ ሂዱ። አደራ የምላችሁ ውሃው አጠገብ ብቻዋን እንዳትቆም ነው፤ የሚጥላት ልጅ በጭልፋ ውሃም ልትሰጥም ትችላለች።

እሳቱም ያው ነው። ብዙዎቻችን የምንተዳደረው በእንጀራ፣ በጠላና በአረቄ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ምጣድና ጋን አጠገብ ነን። የሚጥል በሽታ ያለባት አባላችን ብቻዋን እሳት አጠገብ መሥራት የለባትም። ማኅበራችን ሥራ ሲያከፋፍል ማሸግ፣ መሸጥ፣ ሂሳብ መያዝ ለእሷ ይሁን፤ ሂሳብ ክፍል ቦታ አለኝ። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ክብሪት ጭራችሁ አታሽቱ፤ ጭሱ ምንም አይፈይድም፣ ፊት ያቃጥላል። ቁልፍም ማንኪያም አፍ ውስጥ አትክተቱ። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁ፣ ከራስ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ በጎን አስተኙ፣ ሰዓት እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁ ሩጡ። አይተላለፍም፤ አረፋውም ምራቅ ነው።

ስለ ጓያው ወንድም ባጭሩ። የጓያ በሽታ የእግርን የሚያዝዘውን ነርቭ የጎዳ መርዝ ነው፤ የተጎዳውን የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሲቢዲም አይመልሰውም። ለእህቱ ይህን ፊት ለፊት ነገርኳት፤ ከባድ ነበር። ለምርኩዝና ለቁጭ ብሎ መሥሪያ ሥራ ብድር ከጠየቀች ግን ኮሚቴው በደስታ እንደሚያየው አምናለሁ።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ከሻይ በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። ማኅበራዊ ፈንዱ ላልተመዘገበ መድኃኒት፣ ሲቢዲም ሆነ ሌላ፣ ብድር አይሰጥም። በምትኩ የሚጥል በሽታ ላለበት የአባል ቤተሰብ ያለ ወለድ የመጓጓዣ ብድር ይኑር፤ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ለመድረስ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት የአንድ ወር ተጨማሪ ኪኒን በእጁ እንዲኖረው ከሚያክሙት ባለሙያዎች ጋር እንነጋገር። ፌኖባርቢታል ራሱ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ በማዘዣ እንጂ እንደ ስኳር ተገዝቶ ማኅበር ቢሮ አይከማችም፤ ግን በተቋሙ ሲያልቅ በማዘዣው ከግል ፋርማሲ የሚገዛበትን ገንዘብ ፈንዱ ያንኑ ቀን ያቅርብ። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል እያወቅን እስከ መጨረሻዋ ኪኒን መጠበቅ የለብንም።

አጋሮቻችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 በተስማሙበት ዕቅድ እስከ 2031 የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከ100 እስከ 80ው ተስማሚና አቅምን ያገናዘበ መድኃኒት እንዲያገኙ ተወስኗል። ከእናንተ የምንፈልገው ዘይት አይደለም። ለአንድ ጠርሙስ ልትልኩት ያሰባችሁትን ለዚህ ወረፋ ላይ ላለው ፈንድ ላኩት፤ ደረሰኙን እኔ እቆርጣለሁ፣ በየሦስት ወሩ ስንት ቤት ስንት ቀን ያለ ኪኒን እንደዋለ ቁጥሩን እልክላችኋለሁ።

ቅጹን አዘጋጅቻለሁ፤ አንድ ገጽ ነው፣ ሁለት ዓምድ አለው። ማንበብ የምትችል ልጅ በየቤታችሁ ስላለች እሷ ትሙላው፤ በበዓል የምትቆጥሩም በበዓል አስጽፉት፣ ቀኑን እኔ እገለብጠዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ነኝ፤ ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ።